በሮማ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው የኢየሩሳሌም መቅረዝ

በሮማ ከተማ፣ ከጥንቱ አደባባይ ወደ ኮሎሲየም በሚወስደው «ቅዱስ መንገድ» በሚባለው ጥርጊያ ላይ የጥጦስ የድል ቅስት ቆሞ ይገኛል። ጥጦስ የንጉሠ ነገሥቱ የቬስጳስያኖስ ልጅ ሲሆን፣ በ70 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ከቦ የያዘ፣ ቤተ መቅደሷም በሠራዊቱ እጅ የተቃጠለበት አዛዥ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፌአለሁ።) ቅስቱ የተሠራው እርሱ በ81 ከሞተ በኋላ ነው።

ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ቀና ብሎ ለሚመለከት መንገደኛ፣ የቅጠል አክሊል የደፉ ሰዎች ምርኮውን በትከሻቸው ተሸክመው ሲገቡ ይታያል። ከሁሉ ጐልቶ የሚታየው ባለ ሰባት መብራቱ መቅረዝ ነው፤ የኅብስቱ ገበታና ሁለቱ መለከቶችም አብረው አሉ። ድንጋዩ ዛሬ ገርጥቷል፤ ነገር ግን በ2012 የመረመሩት ሊቃውንት በመቅረዙ ላይ የብጫ ቀለም ርዝራዥ ስላገኙ፣ ቀድሞ ወርቅ እንዲመስል ተቀብቶ እንደ ነበረ ታውቋል። ከዚህ ብዙ በማይርቅ አደባባይ ደግሞ የእኛው የአክሱም ሐውልት ከ1937 እስከ 2003 ድረስ ቆሞ ነበርና፣ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ የምርኮን ነገር በዚያ ስፍራ ለማሰብ ሌላ አስተማሪ አያሻውም።

ተማሪዎቼ አዘውትረው፣ «ብርሃንን የፈጠረ አምላክ መብራት ለምን አስፈለገው? እንጀራስ ምን ያደርግለታል?» ይሉኛል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በኦሪት እንደ ተጻፈው በገበታው ላይ የሚኖረው ኅብስት ዐሥራ ሁለት ነው፤ በየሰንበቱም ይለወጣል፤ የተነሣውን የሚበሉትም ካህናቱ ናቸው። ስለዚህ ኅብስቱ የአምላክ ምግብ አልነበረም። ቍጥሩ የነገዶቹ ቍጥር ነውና፣ በሩቅ አገር በእርሻው ላይ የዋለው የዛብሎን ገበሬና ከመንጋው ጋር ያደረው የሮቤል እረኛ በዚያ ኅብስት አማካይነት ዘወትር በእግዚአብሔር ፊት ይቆሙ ነበር። መቅረዙም ከአንድ መክሊት ንጹሕ ወርቅ ተቀጥቅጦ፣ ቅርንጫፎቹ ከግንዱ ሳይለዩ እንዲሠራ ታዝዟል፤ ጽዋዎቹ የለውዝ አበባ ይመስላሉ። ዘይቱን የሚያመጣው ሕዝቡ፣ ከማታ እስከ ጧት የሚያበራው ካህኑ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በእሑድ ውዳሴ ማርያም እመቤታችንን በወርቅ መቅረዝ መመሰሏ፣ መቅረዝ ብርሃን ተሸካሚ ስለ ሆነ ነው። የብሩ መለከቶችም ሁለቱ ሲነፉ ማኅበሩ በሙሉ፣ አንዱ ብቻ ሲነፋ አለቆቹ ይሰበሰቡ ነበር።

በቅስቱ ላይ ግን ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው የአሸካከሙ ነገር ነው። በምድረ በዳ ጕዞ ጊዜ አሮንና ልጆቹ መቅረዙንና ገበታውን በሰማያዊ መጐናጸፊያና በቍርበት ይሸፍኗቸው ነበር፤ የቀዓት ልጆችም በመሎጊያ ይሸከማሉ እንጂ ንዋያቱን እንዳይነኩ፣ ሲሸፈኑም እንዳያዩ በሞት ቅጣት ተከልክለው ነበር። በጥምቀት ዕለት ታቦት በመጐናጸፊያ ተሸፍኖ በካህን ራስ ላይ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ሥርዐት ከመጽሐፍ አስቀድሞ በዐይኑ ያውቀዋል። በሮማ ግን መቅረዙ ራቁቱን ነው፤ መብራት የለበትም፣ ገበታውም ኅብስት የለውም። ለሕዝብ መታያ እንጂ ለአገልግሎት አልወጣምና።

ታቦቱ በምርኮው መካከል የለም። የሁለተኛው ቤተ መቅደስ ቅድስተ ቅዱሳን ባዶ እንደ ነበረ አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዮስ ዮሴፍ ይመሰክራል፤ ታቦተ ጽዮን በቀዳማዊ ምኒልክ ጊዜ ወደ አገራችን መምጣቷን ክብረ ነገሥት ይተርካል። ይኸው ዮሴፍ ስለ ድሉ ሰልፍ ሲጽፍ፣ ከምርኮው ሁሉ በመጨረሻ ያለፈው የሕጉ መጽሐፍ ነበር ይላል። ቬስጳስያኖስ የወርቁን ዕቃ በሠራው የሰላም ቤተ ጣዖት ሲያኖር፣ መጽሐፉን ግን በቤተ መንግሥቱ አስጠበቀው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ አረማዊው ንጉሥ የቱ እንደሚበልጥ ሳያውቀው አልቀረም።

በ455 ቫንዳሎች ሮማን በዘረፉ ጊዜ ንዋያቱን ወደ ካርታጎ ወሰዱ፤ በ534 ደግሞ የጦር አለቃው ቤሊሳርዮስ ወደ ቍስጥንጥንያ አመጣቸው። ያን ጊዜ አንድ አይሁዳዊ፣ እነዚህን ዕቃዎች የያዘ ቤተ መንግሥት ሁሉ እንደ ጠፋ አመልክቶ ስለ ተናገረ፣ ንጉሡ ዮስጢንያኖስ ፈርቶ በኢየሩሳሌም ወዳሉት የክርስቲያን አብያተ ጸሎት እንደ ሰደዳቸው ፕሮኮፕዮስ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ዱካቸው አልተገኘም።