የመግለጫው አየርና የሰዎቹ ሳንባ

ዜና አጻጻፍ ስንማር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ብለን እንድንጠይቅ ተነግሮናል። ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ግን አንድ የቀረ ይመስለኛል፤ እሱም «ከዚያስ?» የሚለው ነው። ይህን ያልኩት የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎችን ጉዳይ ሳነብ ነው። አደጋው የደረሰው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001፣ በእኛ የ1994 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዕለት ነበር። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሕንፃዎቹ ሲወድቁ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አይቷል። በዕለቱ 343 የከተማዋ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሞታቸውንም ብዙዎቻችን ሰምተናል። ሁለተኛውን 343 የሰማ ግን ጥቂት ነው። ከአደጋው በኋላ በተከተሉ በሽታዎች የሞቱት የዚያው መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ቁጥር በሴፕቴምበር 2023 ከዕለቱ ሟቾች ቁጥር ጋር እኩል ሆነ፤ ከዚያም አልፎት ሄደ። ለዚህኛው ካሜራ አልቆመም።

ነገሩ የአቧራ ነው። በአቧራው ውስጥ የተፈጨ ሲሚንቶ፣ የመስታወት ክር፣ አስቤስቶስና ሌላም ብዙ ነገር ነበረበት። ከፍርስራሹ ሥር ያለው እሳት ደግሞ እስከ ዲሴምበር ድረስ አልጠፋም። ሰዎች በዚያ ላይ ሌት ተቀን ሲቆፍሩ፣ ብዙዎቹም ተገቢው የአፍንጫ መከላከያ ሳይኖራቸው፣ በሴፕቴምበር 18 የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ኃላፊ ክሪስቲን ቶድ ዊትማን የከተማው አየር ለመተንፈስ የሚያሰጋ አይደለም ብለው መግለጫ ሰጡ። በቃ፣ ዜና ሆነ። ሰውም ወደየቤቱና ወደየቢሮው ተመለሰ። ከቦታው ብዙም የማይርቀው የስታይቨሳንት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በኦክቶበር 9 ክፍል ገቡ።

በ2003 የዚያው ኤጀንሲ ዋና ተቆጣጣሪ ባወጣው ሪፖርት፣ መግለጫው በተሰጠ ጊዜ እንዲህ ለማለት የሚያበቃ በቂ መረጃ አልነበረም አለ። ይባስ ብሎ ዋይት ሀውስ በጋዜጣዊ መግለጫዎቹ ላይ እጁን አስገብቶ የሚያረጋጋው ቃል እንዲጨመር፣ የሚያስጠነቅቀው እንዲወጣ ማድረጉን ገለጸ። ጋዜጣዊ መግለጫ ተቀብለን ርዕስ ቀይረን የምናወጣ ሰዎች ልንሆን ነውና ይህቺን ሪፖርት ክፍል ውስጥ ብናነባት ደስ ይለኛል።

ሁሉም ግን አልተኛም። የዴይሊ ኒውስ ዓምደኛ ሁዋን ጎንዛሌዝ ገና በኦክቶበር 2001 መጨረሻ ላይ በቦታው መርዛማ ነገሮች እንዳሉ ከራሱ ከመንግሥት የምርመራ ሰነዶች አውጥቶ ጻፈ። ባለሥልጣናቱ ሕዝብ ያስደነግጣል ብለው ነቀፉት። በ2007 ያው ጋዜጣ ስለታመሙት ሠራተኞች ባወጣቸው ርዕሰ አንቀጾች የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በመካከሉ ስንት ሰው እንደሳለ እግዜር ይወቀው።

ታዲያ ሕክምናውስ? በአንድ መርማሪ ፖሊስ ስም የተሰየመ ሕግ ወጣ። ጄምስ ዛድሮጋ በፍርስራሹ ላይ ለሳምንታት ሠርቶ በ2006፣ በ34 ዓመቱ ሞተ። የመጀመሪያው የአስከሬን ምርመራ አሟሟቱን ከአቧራው ጋር ሲያያይዘው የከተማዋ ዋና መርማሪ ደግሞ በ2007 አይደለም አሉ። እንግዲህ ሕጉ የተሸከመው ስም ራሱ በሐኪሞች መካከል ያከራከረ ነው። ኮንግረሱ ሕጉን ያጸደቀው በ2010 መጨረሻ፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት በጃንዋሪ 2 ቀን 2011 ነው። ዘጠኝ ዓመት አልፏል ማለት ነው። ያውም መጀመሪያ የተሰጠው ለአምስት ዓመት ብቻ ነበር፤ በ2015 ጊዜው ሲያልቅ ሳንባቸው የተጎዳ ሰዎች የዋሽንግተንን ኮሪደር እንደገና መመላለስ ነበረባቸው። ያን ጊዜ ግን እስከ 2090 ተራዘመላቸው። በአደጋው ዕለት የተወለደ ሕፃን ያኔ የ89 ዓመት አዛውንት ነው፤ ይህን ያሰበ ሰው የሚመሰገን ነው።

ፕሮግራሙ እስካሁን ከ130 ሺህ በላይ ሰው መዝግቧል። ሰውን በሁለት ይከፍላል። አንደኛው ለሥራ የመጣው ነው፦ የእሳት አደጋ ሠራተኛው፣ ፖሊሱ፣ ፍርስራሽ ያነሳው የቀን ሠራተኛና በጎ ፈቃደኛው። እነዚህ ባይታመሙም በየዓመቱ ይመረመራሉ፤ በሽታው ከአደጋው ጋር መያያዙ ከተረጋገጠ ወጪውን ፕሮግራሙ ይከፍላል። ሁለተኛው «የተረፈ» የሚባለው፣ በሰፈሩ ይኖር፣ ይሠራ ወይም ይማር የነበረው ነው። እሱ ለመመዝገብ አስቀድሞ የሕመም ምልክት ሊኖረው ይገባል፤ ኢንሹራንስ ካለው ደግሞ መጀመሪያ ኢንሹራንሱ ይከፍልና የተረፈውን ነው ፕሮግራሙ የሚሸፍነው። ይህ ክፍፍል ለእኔ አልተዋጠልኝም። አቧራው ሲገባ ለሥራ ነው የመጣኸው ወይስ ቤትህ ነው ብሎ አልጠየቀም።

ሌላው ነገር ዝርዝሩ ነው። ሐኪሙ የሚያክመው በሕጋዊው ዝርዝር ላይ ያለውን በሽታ ነው። ካንሰር መጀመሪያ አልነበረበትም፤ በ2012 ነው ብዙዎቹ ዓይነቶች የገቡት። የማኅፀን ካንሰር ደግሞ እስከ ጃንዋሪ 2023 ድረስ ደጅ ቆሟል። ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም፤ ሲጠኑ የኖሩት ሠራተኞች አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እዚያ እንደነበርክ ማስረጃ አምጣ ትባላለህ። የደመወዝ ሰነድ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ከሌለም አብሮህ የነበረ ሰው ቃል። በዚያ ኦክቶበር ደብተራቸውን ይዘው ክፍል የገቡት የስታይቨሳንት ልጆች ዛሬ አርባ ዓመት አካባቢ ናቸው። ደረቱን ያመመው ካለ ለመመዝገብ የሚፈልገው ወረቀት የትምህርት ቤቱን ነው፤ በዚያ ዓመት ተማሪ እንደነበረ የሚያሳየውን።