በረግረግ ላይ የሚታየው የሌሊት ብርሃን

ዛሬ በንባባችን ሩቅ አገር እንሄዳለን። የምንሄደው ወደ ሰሜን ኢጣልያ ነው። በዚያ አልፕስ ከሚባሉት ትልልቅ ተራሮች ግርጌ ማጆሬ የሚባል ሐይቅ አለ። ሐይቁ ጠባብና ረጅም ነው። ርዝመቱ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በደቡብ በኩል፣ በሐይቁ ዳር፣ አንጌራ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በከተማዋ አጠገብ ረግረግ አለ። ሸምበቆ በቅሎበታል። ውሃው የቆመ ነው። ከውሃው ሥር ጥቁር ጭቃ አለ።

ታዲያ ወደዚህ ረግረግ ለምን መጣን? አንድ የቆየ ጥያቄ ስላለን ነው።

በብዙ የአውሮፓ ረግረጎች ሰዎች ሌሊት ትንሽ ሰማያዊ ብርሃን እናያለን ይሉ ነበር። ፋኖስ አይደለም። የያዘው ሰውም የለም። ሲጠጉት ይሸሻል፤ ሲሸሹት ይከተላል። መንገደኛ የቤት መብራት መስሎት ቢከተለው ማጥ ውስጥ ገብቶ ይቀራል ይባል ነበር። ጀርመኖች «የሚያሳስት ብርሃን» ይሉታል። በሕንድና በባንግላዴሽ፣ በቤንጋል ረግረጎች፣ ደግሞ «አለያ» ይባላል። በዚያ ያሉ ዓሣ አጥማጆች የሰመጡ ጓደኞቻችን ነፍስ ነው ይላሉ።

ነገሩ ምንድነው? መልሱ የተጀመረው እዚሁ አንጌራ ነው። በ1776 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በኅዳር ወር፣ አሌሳንድሮ ቮልታ የሚባል አስተማሪ በትንሽ ጀልባ ወደ ሸምበቆው ተጠጋ። ያን ጊዜ ዕድሜው 31 ነበር። በበትሩ የረግረጉን ጭቃ ወጋ ወጋ አደረገ። ከሥር አረፋ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ። ውሃ የሞላ ጠርሙስ ደፍቶ አረፋውን ሰበሰበው። በኋላ እሳት ቢያስጠጋው በሰማያዊ ነበልባል ነደደ።

አረፋው ጋዝ ነበር። ጋዝ ስንል ለኩራዝ የምንገዛውን ላምባ አይደለም። እንደ አየር ያለ፣ በእጅ የማይጨበጥ ነገር ነው። የዚህ ጋዝ ስም ሚቴን ይባላል። ሣርና ቅጠል ጭቃ ውስጥ ሲቀበር አየር አያገኝም። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ያበሰብሱታል። ሲበሰብስም ሚቴን ይወጣል።

እሺ፣ የሚነደውን አገኘን። ግን በሌሊት፣ ሰው በሌለበት፣ ማን ለኮሰው? ስለዚህ ሁለት ግምቶች አሉ።

አንደኛው፦ ከበሰበሰ ነገር ፎስፈረስ ያለበት ሌላ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ አየር ሲነካው ክብሪት ሳይጫር ይቀጣጠላል፤ ሚቴኑንም ይለኩሳል የሚል ነው። ነገር ግን ይህ ጋዝ ሲነድ ብዙ ጢስ ይወጣዋል። ብርሃኑን አየን የሚሉት ግን ጢስ አላየንም ይላሉ።

ሁለተኛው፦ ኤሌክትሪክ ነው የሚለኩሰው የሚል ነው። ቮልታ ራሱ መብረቅ ይሆናል ብሎ ገምቶ ነበር። በ2025 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሚቴንንና አየርን በጣም ጥቃቅን አረፋ አድርገው በውሃ ውስጥ ለቀቁ። አረፋዎቹ ሲጠጋጉ በመካከላቸው ብልጭታ አዩ። ትንሽ መብረቅ እንደ ማለት ነው። ይህ የታየው ግን በቤተ ሙከራ እንጂ በረግረግ ላይ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ገና ተዘግቷል አይባልም።

የሚሸሸውስ ለምንድነው? በ19ኛው መቶ ዓመት ብሌሶን የሚባል የጀርመን መኮንን ረግረግ ወርዶ ሞከረው። ሲራመድ ብርሃኑ ሸሸ። ፊቱን አዙሮ፣ ትንፋሹን ቆጥቦ ሲቆም ግን ቀረበው። ወረቀት ቢያስጠጋበት ወረቀቱ ተለበለበ። እንግዲህ ብርሃኑን የሚገፋው የሰውየው ትንፋሽና ሲራመድ የሚያንቀሳቅሰው አየር ነበር ማለት ነው።

ይህ ጋዝ የኢጣልያ ብቻ አይደለም። በእኛም አገር እበት በጉድጓድ አብላልተው፣ በሚወጣው ሚቴን ወጥ የሚሠሩ ገበሬዎች አሉ። ያው ጋዝ በመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥም አለ። ሚቴን ሽታ የለውም። በጉድጓድ ውስጥ ሲጠራቀም ሰው የሚተነፍሰውን አየር ያሳጣል። ስለዚህ ክብሪት ጭረን ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ አንመልከት። ወደ አሮጌ የውሃ ጉድጓድም ዝም ብለን አንግባ። አንድ ሰው ገብቶ ቢወድቅ ሁለተኛው ተከትሎ ከገባ ሁለቱም ይሞታሉ። ገመድ እንጣል፤ ሰው እንጥራ።

ቮልታ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ባትሪ በ1800 አስታወቀ። ቤታችሁ የሬዲዮ ድንጋይ ካለ አውጡና እዩት። ብዙውን ጊዜ 1.5 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። ይህ 1.5 ቮልት ነው። «ቮልት» የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ በበትሩ ጭቃ ከወጋው ሰው ስም ነው።

ጥያቄዎች
1. ቮልታ አረፋውን የሰበሰበው በምንድነው?
2. ብርሃኑ ሰው ሲጠጋው ለምን ይሸሻል?
3. በመንደራችሁ ክፍት የተተወ አሮጌ ጉድጓድ አለ? ምን ብታደርጉት ይሻላል? ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት።