ከፋይ 4፣ ጋዜጠኛ 3

ነገሩ ወዲህ ነው። ማክሰኞ ማታ ነው፤ ዝናቡ ገና አላባራም። እኛ ሦስት ነን። ሦስታችንም በጋዜጠኝነት ተመርቀናል፣ ሦስታችንም ጃንጥላ የለንም። ከታክሲ ወርደን እየሮጥን አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ትኬት የምትቆርጠው ልጅ ከወንበሯ ብድግ ብላ «ግቡ፣ ግቡ፣ በሰበሳችሁ!» አለችን። ገባን። እንደ ሁልጊዜው በነፃ።

የዚህን የቴአትር ቡድን ስም አንጠራም። «ምስኪን ተብለን ከተጻፈልን ማን ሊያየን ይመጣል?» ስላሉን ነው። እውነታቸውን ነው። ሰው ለሐዘኔታ ትኬት አይቆርጥም፤ ቢቆርጥም አንዴ ነው።

አባላቱ አምስት ናቸው። አንዱ ቀን ቀን የግል ትምህርት ቤት ያስተምራል። አንዱ ለቱርክ ድራማ ድምፁን ያውሳል፤ እናቶቻችን ድምፁን በደንብ ያውቁታል፣ መልኩን ግን አይተውት አያውቁም። አንዷ ሠርግ ላይ መድረክ ትመራለች። አዘጋጁ ደግሞ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አዘጋጅቶ፣ ራሱ ይተውናል። ትኬት ቆራጯ የገንዘብ ሣጥኗን ቆልፋ በሁለተኛው ትዕይንት እናት ሆና መድረክ ላይ ትወጣለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ነጠላዋን ስትከናነብ ግን ስድሳ ይሞላታል።

አንድ ሕግ አላቸው። ከመጀመራቸው በፊት በመጋረጃው ቀዳዳ ተመልካች ይቆጥራሉ። ወንበር ላይ ያለው ሰው መድረክ ላይ ከሚወጣው ከበለጠ ቴአትሩ ይታያል። ካልበለጠ ገንዘብ ይመለሳል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ። ያን ማታ አራት ሰው ነበር፤ እኛ ስንጨመር ሰባት ሆነ። መብራቱ ጠፋ፣ መጋረጃው ተከፈተ። እኛም እርስ በርስ ተያይተን ፈገግ አልን። በልባችን «ባንመጣ ኖሮ ይሄኔ ተሰርዞ ነበር» እያልን ነው። ጉረኞች!

ቴአትሩ ስለ አንድ ሊፈርስ ስለተቃረበ ቤት ነው። ልጆቹ ዕቃ ይካፈላሉ፤ አልጋው ለዚህ፣ ቡፌው ለዚያ። እናትየዋ ምንም አትጠይቅም። መጨረሻ ላይ ሁሉም ሲወጣ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ የበሩን ቁልፍ ታወጣለች። በሩ ግን ተነቅሎ ሄዷል። ቁልፉን ይዛ ትቆማለች፤ አንዲት ቃል አትናገርም። በ2016 ዓ.ም ፒያሳ ሲፈርስ ላየን ልጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሦስታችንም አለቀስን፤ አንዷ እንዲያውም የዝናብ ነው ብላ ካደች።

ከዚያ በኋላ እንደተለመደው አብረን ሻይ ልንጠጣ ተቀመጥን። ልጅቷ ስልክ ልታነሳ ስትወጣ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ጋዜጠኛ አይደለን? ገለጥነው። የዕለቱ መስመር እንዲህ ይላል፦

«ከፋይ 4፣ ጋዜጠኛ 3።»

ወደ ኋላ ገለጥን። «ከፋይ 9፣ ጋዜጠኛ 3።» «ከፋይ 6፣ ጋዜጠኛ 2።» አንድ ገጽ ላይ ደግሞ «ከፋይ 2፣ ጋዜጠኛ 3፣ አልታየም» ይላል። ያቺን ማታ አስታወስናት። ቴአትሩ ሲሰረዝ ተናደን ካፌ ሄደን «የዚህ አገር ሕዝብ ጥበብ አይገባውም» ስንል አምሽተን ነበር። ለሦስት ሰው ማኪያቶና ኬክ ከፍለን! ለትኬት ግን ሰባራ ሳንቲም አላወጣንም።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ትኬቱ 150 ብር ነው። አራት ሰው ሲከፍል 600 ብር። የአዳራሹ የአንድ ማታ ኪራይ 4000 ብር ነው። የቀረው 3400 ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 680 ብር ይደርሳል። ከኪሳቸው የሚወጣ ማለት ነው። እነሱ ለመጫወት ይከፍላሉ፤ እኛ ለማየት አንከፍልም።

«በምትኩ እንጽፍላቸዋለን» ነበር የእኛ መከራከሪያ። ጽፈናል ወይ? አዎ፣ አንድ ጊዜ። አሥራ ሁለት መስመር። ያውም ያ ቴአትር ከመድረክ ከወረደ በኋላ የወጣ፣ የተዋናዩንም ስም የተሳሳትንበት። እነሱ ግን ቆርጠው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ስሙን በእስክሪብቶ አርመው።

ትምህርት ቤት ሳለን የአማርኛ ተውኔት የተጀመረው በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» መሆኑን ለፈተና ሸምድደናል። ያኔ ልብ ያላልነው ግን ይሄን ነው፤ ያ ተውኔት ሲታይ በአገሪቱ የቴአትር ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። የታየው ሆቴል ውስጥ ነው። ተመልካቾቹ መኳንንት ነበሩ፣ ተውኔቱ የሚነካካውም የመንግሥቱን አሠራር፤ ኋላም ታገደ። ሀገር ፍቅር የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር የተከፈተው በ1948 ዓ.ም ነው። ስለዚህ ቴአትራችን ሲወለድ ቤት አልነበረውም፣ ቋሚ ደመወዝተኛም አልነበረውም። ተመልካች ብቻ ነበረው። ማክሰኞ ማታ አዳራሽ ተከራይተው በመጋረጃ ቀዳዳ ሰው የሚቆጥሩት ልጆች አዲስ ነገር አላመጡም፤ የጥንቱን ነው የያዙት።

ሰው ለምን አይመጣም? ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቴአትሩ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ያልቃል። በዚያ ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ነው፣ ራይድ ደግሞ ከትኬቱ ይበልጣል። ለሴት ልጅማ ጨለማው ራሱ አንድ ሒሳብ ነው። ይሄ ሁሉ ሰበብ እውነት ነው። የእኛ ግን ከዚህ ውስጥ የለበትም። እኛ ታክሲውንም ሰልፉንም ጨለማውንም ችለን እየመጣን፣ በሩ ላይ ስንደርስ ነው እጃችን የሚያጥረው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሦስታችን 450 ብር ይዘን ሄድን። ልጅቷ ብሩን ስታይ ደነገጠች።

«ምን ሆናችኋል? እናንተ'ኮ ቤተሰብ ናችሁ!»

«ቤተሰብ ነው እንጂ ቀድሞ የሚከፍለው።»

«በእናቴ አልቀበልም!»

ምሳ ከፋይ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ሲባባሉ የምታዩትን ግብግብ እዚያው በር ላይ ገጠምን። ከኋላችን የተሰለፉት አንድ ጋሼ በመጨረሻ «ልጄ፣ ተቀበያቸው እንጂ፣ እኛ እየበረደን ነው» አሉ። ተቀበለች። አንገቷን ደፍታ ትኬት ቆረጠችልን፤ ትንሽም የተከፋች መሰለን። ለካ «ቤተሰብ» ስትለን እውነቷን ኖሯል።

ያን ማታ ስምንት ሰው ነበር። ስንወጣ ደብተሩን ማየት አላስፈለገንም፤ ራሷ አሳየችን። «ከፋይ 8፣ ጋዜጠኛ 0።»

ስምንት ትኬት 1200 ብር ነው። ኪራዩ አሁንም 4000 ነው። ቡድኑን አዳንነው ብለን ዳግመኛ አንጎርርም። እስከ ሰኔ እንሞክራለን ብለዋል፤ ከሰኔ በኋላ ያለውን እነሱም አያውቁትም። እኛ የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቢዘጉ «ሕዝቡ ጥበብ አይገባውም» ብለን ካፌ ቁጭ ብለን የምናወራበት አፍ አይኖረንም።

እናንተዬ፣ በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ቡድን አይጠፋም። ከመሐላቸው አንዱን ታውቁት ይሆናል፤ አብራችሁ የተማራችሁት፣ «ና ግባ» የሚላችሁ። ሲላችሁ ፈገግ በሉና ትኬት ቁረጡ።

እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።