«ለእንቅልፍና ለአእምሮ» የሚለው እንክብል



ከኢሻ በኋላ ስንጨዋወት እንቅልፍ ማጣት የሁላችንም ወሬ ሆኗል። ፈተና አለ፣ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት የምንነካካው ስልክ አለ፣ የማታ ቡና አለ፣ አንዳንዶቻችን ዘንድ ደግሞ ጫት አለ። ሱብሒ ላይ መነሳት ከበደን። በዚህ መሃል የአንዳችን ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ «ለእንቅልፍና ለአእምሮ» የሚል እንክብል ይዞልን መጣ። ከመዋጣችን በፊት ግን የተጻፈበትን አነበብን።

መጀመሪያ የጠየቅነው «ሐላል ነው ወይ?» ብለን ነው። የእንክብሉ ሽፋን ጄላቲን ነው። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም ከአሳማ። ከየትኛው እንስሳ እንደሆነ አልተጻፈም። ከዕፅዋት የተሠራ ሽፋን ያላቸው እንክብሎች ስላሉ አጠራጣሪውን ለመተው አንቸገርም።

ሁለተኛ፣ ውስጡ ያለው ትሪፕቶፋን የሚባል አሚኖ አሲድ ነው። ሰውነታችን ከእሱ ሴሮቶኒንን፣ ከሴሮቶኒን ደግሞ የእንቅልፍ ሆርሞን የሆነውን ሜላቶኒንን ይሠራል። ራሱ ሊያመርተው ስለማይችል ከምግብ ያገኘዋል። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋና ሽምብራ ውስጥ አለ።

ሦስተኛ፣ «ምግብ ነው፣ ምን ይጎዳል?» የሚለው አባባል ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የትሪፕቶፋን እንክብል ከወሰዱት መካከል ከ1,500 በላይ ሰዎች በከባድ የጡንቻ ሕመም ታመሙ፤ ከ30 በላይ ሞቱ። አብዛኛው ጉዳት የተገናኘው ከአንድ አምራች ምርት ጋር ነበር። በ2023 ደግሞ ተመራማሪዎች እዚያው የሚሸጡ 25 የሜላቶኒን ከረሜላዎችን ሲመረምሩ፣ የ22ቱ መጠን ከተጻፈው ጋር አልተስማማም፤ አንዱ ጭራሽ ሜላቶኒን አልነበረበትም። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ምርት ከመሸጡ በፊት እንደ መድኃኒት ተፈትኖ ፈቃድ አያገኝም። የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትሪፕቶፋን ቢጨምርበት ደግሞ ለአደገኛ የሴሮቶኒን መብዛት ሊጋለጥ ይችላል።

ስለዚህ እኛ የተስማማነው እንዲህ ነው። ቡና ከዐስር በኋላ ይቅር፤ ከአምስት ሰዓት በኋላም የካፌይኑ ግማሽ ያህል ሰውነት ውስጥ ይቆያልና። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከኢሻ በኋላ ወሬ ማብዛትን ይጠሉ ነበር፤ የዛሬው ወሬያችን ደግሞ ስልኩ ውስጥ ነው፤ እሱም ከመኝታችን ይራቅ።

ይህን አድርጎም ለሳምንታት እንቅልፍ እምቢ ያለው ወንድም ወይም እህት ካለ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። እንቅልፍ ማጣት የጭንቀት ወይም የድብርት ምልክት ሊሆን ይችላል። እንክብሉ «ምን ሆነሃል?» ብሎ አይጠይቅም፤ ጓደኛ ግን ይጠይቃል። እንጠያየቅ።

ወላሁ አዕለም።