ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ቆመህ ታውቃለህን? ጉማሬው ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል። ጉሬዛው ከዛፉ ላይ ቅጠሉን ይበላል። ጦጣዋ ግን እጅ እጃችንን ታያለች። እኔም ሶደቃ መስሎኝ ለልጄ ሙዝ ሰጥቼ «አጉርሳት» አልኩት። ሙዙ ሲያልቅ ጣቱን ነከሰችው። ሰዎች በድንጋይ አባረሯት። ቁስሉን በሳሙና አጥበን፣ የእብደት በሽታን ፈርተን ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን። መንገድ ላይ ልጄ «አባዬ፣ የእሷ ጥፋት ምንድን ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ልመናን ያስተማርናት እኛ፣ የተወገረችው እሷ! ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ! አላህ ሲሳይዋን ፍሬና ቅጠል አድርጎ ከዛፉ ላይ ሰጥቷታል። እጃችንን ብንሰበስብላት እርሱ ይበልጥ ያዝንላታል።