ጅብናና ጀበና፤ ከካርቱም ማእድ ቤት የመጣ ሳምቡሳ

አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። ይህ ታላቅ ወንዝ ከጣና ሐይቅ ተነሥቶ፣ ጥልቅ ሸለቆዎችን ሰንጥቆ፣ 1,450 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ነጭ አባይን የሚያገኘው በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ነው። ሥፍራውን የአገሩ ሰዎች «ሞግራን» ይሉታል፤ መገናኛ ማለታቸው ነው። በክረምቱ ወራት ከወንዙ ዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው፣ የደጋውን አፈር ጠርጎ የደፈረሰው የእኛ ወንዝና ፈዘዝ ያለው ነጭ አባይ ወዲያው ሳይዋሐዱ ጎን ለጎን ሲጓዙ ይታዩታል። ከመገናኛቸው አጠገብ ቱቲ የምትባል ደሴት አለች። በወንዞቹ ዳርና ዳርም ካርቱም፣ ባሕሪ እና ኦምዱርማን የተባሉት ሦስት ከተሞች ፊት ለፊት ይተያያሉ።

ካርቱም ለወታደር ቤተሰብ ባዕድ የሆነች ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ስትቆረቆር የግብጽ ጦር የሰፈረባት ካምፕ ነበረች። ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ዘመንም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ካርቱም ገብተው፣ ለወራት ከቆዩባት በኋላ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል የአገራቸውን ምድር ረግጠዋል። ከዚያም ወዲህ ስደተኛው፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩና ሥራ ፈላጊዋ እኅታችን በየዘመናቸው ወደዚያች ከተማ ተጉዘዋል። ዴይምና ጅሬፍ በተባሉት ሠፈሮች አማርኛና ትግርኛ ከዐረብኛው ጋር ተደባልቀው ይሰሙ ነበር። በየጎዳናው ጥግ በትንሽ በርጩማ ተቀምጠው፣ ከሰል አያይዘው ሻይና ቡና ከሚሸጡት ሴቶች መካከልም የአገራችን ልጆች ብዙ ነበሩ። በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የምናወሳው ግን እነዚህ እኅቶቻችን ከካርቱም ቤቶች ተምረው ያመጡትን አንድ ምግብ፣ አይብ የተሞላ ሳምቡሳን ነው።

ከጦርነቱ በፊት በረመዳን ወር ካርቱምን ለጎበኘን ለእኛ፣ ከሁሉ ይልቅ በልባችን የቀረው የምሽቱ ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የጠበሰው አየር ጥቂት ሲበርድ፣ ወንዶቹ ምንጣፍና ሰሌን ይዘው ከየቤታቸው ይወጡና በመንገዱ ዳር ያነጥፋሉ። ከየግቢው በትልልቅ ትሪ ምግብ ይመጣል። መንገደኛ ሲያልፍ ክንዱን ይዘው ያስቆሙታል፤ መኪና እንኳ ቢሆን አስቁመው ሾፌሩን «ግባ፣ አፍጥር» ይሉታል። እምቢ ማለት ነውር ነው። ከማሽላ ዱቄት የሚዘጋጀው «ሕሉ ሙር» የተባለው መጠጥ፣ ቀዩ ከርከዴ፣ ቴምሩ፣ ገንፎው ከነወጡ ይቀርባል። ከዚህ ሁሉ መካከል ሕፃናቱ አስቀድመው እጃቸውን የሚሰዱት ከዘይት ወዲያው ወደ ወጣው ባለሦስት ማዕዘን ሳምቡሳ ነው። ሱዳኖች «ሰምቡክሳ» ይሉታል። ገሚሱ ሥጋ፣ ገሚሱ ነጭ አይብ የተሞላ ነው።

የዚህ ምግብ ዕድሜ ከካርቱም ዕድሜ እጅግ ይበልጣል። ስሙ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ10ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ በተጻፈው በኢብን ሰያር አል ዋራቅ የምግብ መጽሐፍ ውስጥ አሠራሩ ይገኛል። በ14ኛው መቶ ዓመት ታላቁ ተጓዥ ኢብን ባቱታ በዴልሂ ቤተ መንግሥት በተከተፈ ሥጋ፣ በለውዝና በሽንኩርት ተሞልቶ በቅቤ የተጠበሰ ሳምቡሳ መብላቱን ጽፏል። ኢጣልያኖች በስስ ሊጥ አይብ ጠቅልለው «ራቪዮሊ» ማለታቸውም ከዚሁ ሐሳብ ብዙ የራቀ አይደለም። እኛም በበኩላችን ምስር ሞልተንበት ለረመዳን ማፍጠሪያና ለሻይ ቤት አድርገነዋል። እንግዲህ ሊጡ በየአገሩ ይመሳሰላል፤ አገሩን የሚያስታውቀው በውስጡ ያለው ነገር ነው።

የሱዳን አይብ «ጅብና» ይባላል። ከካርቱም በስተደቡብ በነጭ አባይ ዳር የምትገኘው ዱዌም በዚህ አይብ የታወቀች ከተማ ናት። በዝናቡ ወራት ሣሩ ሲለመልም ወተት ይትረፈረፋል፤ ነገር ግን ገበያው ሩቅ፣ ሙቀቱም ኃይለኛ ስለሆነ ወተቱ በጥሬው ዋና ከተማ አይደርስም። ስለዚህ አይብ ሠሪዎቹ ወተቱ ገና ሳይረጋ ብዙ ጨው ይጨምሩበታል፤ ከረጋም በኋላ ቆራርጠው ከራሱ አጓት ጋር በቆርቆሮ ውስጥ ያሽጉታል። እንዲህ ሆኖ ለወራት ይቆያል። «ሙደፈራ» የተባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነና ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ነው። በካርቱም በጥላ ሥር እንኳ ከ40 ዲግሪ በላይ ሙቀት የተለመደ ነውና፣ የጅብናው ጨው ከጣዕም በፊት የኑሮ ዘዴ ነው።

ስለዚህ አይብ ያጫወተችን በጎንደር ከተማ ያገኘናት አንዲት እኅታችን ናት። በኦምዱርማን በአንድ ቤት ስድስት ዓመት ሠርታለች። የቤቱን እመቤት እንደ አገሩ ወግ «ሐጃ» ትላቸው ነበር። ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት ሐጃ «ጅብና አምጪ» ቢሏት፣ የቡና ጀበናውን አጥባ፣ ውሃ ሞልታ አቀረበችላቸው። ሱዳኖችም የቡናውን ዕቃ ጀበና ይሉታልና ሐጃ እስኪያነቡ ድረስ ሳቁ። «ከዚያ ወዲህ ቋንቋውን ያስተማረኝ ማእድ ቤቱ ነው» ትላለች። ዘይቱ ዘይት፣ ስኳሩም ሱከር ሆኖ አገኘችው፤ ዱቄቱን ደጊግ፣ ሽንኩርቱን በሰል ማለትን ለመደች። ሊጡን እንደ ወረቀት ማሳሳትንም ከሐጃ እጅ ተማረች።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ለኢትዮጵያውያኑ ክርስቲያኖች የፋሲካ ዋዜማ፣ ቀዳም ሥዑር ነው። ለሱዳኖቹ ደግሞ የረመዳን የመጨረሻዎቹ ዐሥር ቀናት ናቸው። ያቺ እኅታችን ለሌሊቱ ቅዳሴ ፈቃድ ጠይቃ ነጠላዋን አጥባ ሰቅላለች፤ ለሐጃ ቤት ማፍጠሪያ የሚሆነው ሊጥ ገና አልተቦካም። ሁለቱ ጾሞች የሚፈቱባቸው ሁለት ገበታዎች በአንድ ማእድ ቤት ሲዘጋጁ፣ ጠዋት በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ተኩስ ተከፈተ። መብራት ጠፋ፤ ውሃም ተቋረጠ። በማቀዝቀዣው የነበረው ሥጋ በሦስተኛው ቀን ተጣለ። ያልተበላሸው የዱዌሙ ጅብና ብቻ ነበር። ቤተሰቡና ሠራተኛይቱ በአንድ ክፍል ተሰብስበው፣ የቆርቆሮውን አይብ ከደረቅ ዳቦ ጋር እየተካፈሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ሰነበቱ። ፋሲካንም የፈታችው በዚሁ አይብ ነው፤ ሐጃ የራሳቸውን ድርሻ ቆርሰው «ዛሬ በዓልሽ ነው» ብለው ሰጧት።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ወደ ግብጽ፣ እርስዋ ወደ አገርዋ ተለያዩ። በወድ መደኒና በገዳሪፍ በኩል፣ በጭነት መኪናና በእግር ጋላባት ደረሰች። ጋላባትን ከመተማ የሚለየው አንድ ወንዝ ነው። በዚያ ሰሞን ሱዳናውያን፣ ኢትዮጵያውያንና የሌሎች አገሮች ዜጎች በብዛት ያንን ድንበር ተሻግረዋል። የስድስት ዓመት ዕቃዋ ኦምዱርማን ቀረ። የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ መያዙን በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. አስታውቋል፤ ስለዚያ ቤት ግን እስካነጋገርናት ቀን ድረስ የሰማችው ነገር አልነበረም።

ከእርስዋ ጋር ተሻግሮ የመጣው የእጅዋ ሙያ ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን ወዲያው አልተሳካላትም። ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ገደማ፣ ጎንደር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። የደጋው አይብ ከአሬራ የሚወጣ፣ ጨው የሌለው፣ እርጥብና ፍርፍር፣ ቶሎ የሚበላ ነው። እርስዋም እንደ ጅብናው ቆጥራ በሳምቡሳ ብትሞላው በዘይቱ ውስጥ ፈነዳባት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋልና የታሸገውን ሊጥ ይቀደዋል። ደጋግማ ሞክራ ዘዴውን አገኘች። ዛሬ ከቤትዋ ደጃፍ እየጠበሰች በመሸጥ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። አሠራሩንም ለአንባቢዎቻችን እንድናቀርብ ፈቅዳልናለች።

አይቡ፦ ከገበያ የተገዛውን ወይም በቤት የወጣውን አይብ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቋጥሮ፣ በላዩ ድንጋይ ወይም ውሃ የተሞላ ድስት ጭኖ ማሳደር ነው። ጠዋት በጣት ሲጨመቅ ውሃ ካላወጣ ደርሷል። ከተጠለለው ግማሽ ኪሎ ተመዝኖ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ፍሬያቸው ወጥቶ በደቃቁ የተከተፉ 2 ቃሪያዎች ይቀላቀሉበታል። የእኛ አይብ ከአሬራው በሙቀት የወጣ ስለሆነ በዘይት ውስጥ ቀልጦ አይፈስም፤ ይህ ለጠባሿ ጥቅም ነው። የጨው አይብ ያገኘች ግን ጨው ሳትጨምር፣ አይቡን በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፋ ጨዉን ታቅልለው።

ሊጡ፦ ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ተቀላቅለው፣ 1 ብርጭቆ ገደማ ለብ ያለ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ በደንብ ይታሻል። ጠንከር ያለና የማይጣበቅ ሲሆን በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ለ30 ደቂቃ ያርፋል። ከዚያም በ12 ይድቦለቦላል።

ማሳሳቱ፦ ሁለት ድብልብሎች የሻይ ማስቀመጫ ያህል ይዳመጣሉ። በአንደኛው ላይ ዘይት ተቀብቶ ጥቂት ዱቄት ይነሰነስና ሌላው ይደረብበታል፤ ሁለቱም አብረው የምግብ ሳህን ያህል እስኪሰፉ ይዳመጣሉ። በጋለ ደረቅ መጥበሻ ሁለቱም ገጽ ሳይቀላ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ከነካው በኋላ፣ ገና ሙቅ ሳለ ሁለቱ ይላቀቃሉ። እያንዳንዱ ለሁለት ሲቆረጥ በጠቅላላው 24 ይሆናል። እንዳይደርቅ በጨርቅ መሸፈን ይገባል።

መሙላቱ፦ ግማሹ ክብ እንደ ፈንጠር ይጠቀለላል፤ 1 የሾርባ ማንኪያ አይብ ይገባበታል። አፉ በውሃ በተበጠበጠ ዱቄት ይታሸጋል። አየር በውስጡ እንዳይቀር በጣት ጫን ጫን ማድረግ ያስፈልጋል።

መጥበሱ፦ ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ ቁራሽ ሊጥ ጣል አድርጎ ማየት ነው፤ ወዲያው አረፋ አውጥቶ ከተንሳፈፈ ደርሷል። ቢጨስ ግን ከመጠን በላይ ግሏልና ከእሳቱ ይውረድ። በአንድ ጊዜ ከ4 የበለጠ አይጨመር፤ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ሊጡ ዘይት ይጠጣል። እያገላበጡ 3 ወይም 4 ደቂቃ ከጠበሱ ይበቃል።

በጠባብ የካምፕ ቤት በቡታጋዝ ለምትጠብስ እመቤት አንድ ማሳሰቢያ አለን። ዘይቱ እሳት ቢይዝ ውሃ ከቶ አይደፋበት፤ እሳቱን አጥፍቶ በድስቱ ክዳን ማፈን ነው። ሕፃናትም ከምድጃው ይራቁ። በጾም ወራት አይቡ በምስር ይተካል፤ የሊጡ አሠራር ግን ያው ነው።

የወታደር ቤት ዝውውር አያጣውም። ትናንት በደጋ፣ ነገ በቆላ ይሆናል፤ አልጋው ይሸጣል፣ ቁም ሳጥኑ ለጎረቤት ይሰጣል። በአዲሱ ሥፍራ ወተቱም፣ ዱቄቱም፣ ውሃውም ሌላ ነው። ባለሙያ የምንላት የቀድሞውን ሙያዋን ይዛ ለአዲሱ አገር የምታስማማውን ነው። ጎንደር ያለችው እኅታችንም የጨውን አይብ በደጋ አይብ ተክታ፣ ከሐጃ የተማረችውን ስስ ሊጥ ሳትለውጥ ይዛለች። በረመዳን ለሙስሊም ጎረቤቶቿ፣ በፋሲካ ለራስዋ ቤት ትጠብሳለች። ገበያተኞቿ «የካርቱም ሳምቡሳ» ይሉታል፤ ዋጋውን ጠይቀው ገዝተው ይሄዳሉ። እርስዋም በየዓመቱ በቀዳም ሥዑር ከመጀመሪያው ጥብስ አንዱን ለሐጃ ብላ ለብቻው ታስቀምጣለች፤ ማታም በደጃፏ ለሚያልፍ መንገደኛ ትሰጠዋለች።