በእሽጉ ጀርባ ያለው ጽሑፍ

በአሜሪካን አገር የምንኖር የጾም ቤተሰቦች፥ የታሸገ ምግብ ከመግዛታችን አስቀድሞ ጀርባውን ገልብጠን ማንበብ ልማዳችን ሆኗል። በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ሕግ ስኳሩ፥ ጨውና ስቡ በእሽጉ ላይ በቁጥር እንዲታተም አስገደደ፤ ሰንጠረዡም ከ1994 ጀምሮ በገበያ ታየ። ከ2006 ወዲህ ደግሞ ወተትና እንቁላል ሰውነታቸው ለማይቀበለው ሰዎች ሲባል በግልጽ ስማቸው ይጻፋል። ሕጉ ለሕሙማን ታስቦ ቢወጣም የጾም ቤት እጅግ ተጠቅሞበታል። ወደ ቡና የሚጨመረው ነጭ ዱቄት በፊቱ «ወተት የሌለበት» ተብሎ ሳለ፥ በጀርባው በደቃቅ ፊደል ሶዲየም ኬሲኔት ይልና «ከወተት የተገኘ» ብሎ ያክላል። ብስኩቱም ቅቤ ባይኖረው የአጓት ዱቄት ይገኝበታል። (አጓት እንኳ ዱቄት ሆኖ ይሸጣል!)

ይሁን እንጂ ስኳርም የጾም ነው። እናታችን የስኳር ሕመም አለባቸው፤ የሚጾሙትም ከሐኪማቸው ጋር ተማክረው ነው። ዕቃ ገዝተን ስንገባ ግን የሚጠይቁን «የጾም ነው ወይ?» ብለው ብቻ ነበር። ስለ ግራም ስንነግራቸው «ግራም ለወርቅ ነው፤ ለምግብ ምን ያደርጋል?» እያሉ ይስቁብን ነበር። እኛም ግራሙን ወደ ሻይ ማንኪያ መለስንላቸው፤ አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ነውና። 355 ሚሊ ሊትር በሚይዝ አንድ ጣሳ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ 39 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል፤ ይህም ወደ 10 ማንኪያ ይጠጋል። ለሻያቸው አንድ ማንኪያ ተከለከልሁ ብለው ሐኪሙን ሲያማርሩ የኖሩት እናታችን፥ ይህን በሰሙ ጊዜ ጣሳውን በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

ሌላም ማስተዋል የሚገባ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ የሚሰላው ለአንድ ጊዜ ድርሻ እንጂ ለጠቅላላው እሽግ አይደለም። ድርሻው 3 ብስኩት ቢሆን፥ እንግዳ የመጣበት ቤት ቆጥሮ 3 ብስኩት ያቀርባልን?

በቺሊ አገር እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ፥ ስኳር ወይም ጨው በበዛበት እሽግ ፊት ላይ ስምንት ማዕዘን ያለው ጥቁር ምልክት ይታተማል፤ ይህም ሒሳብ ሳያስፈልግ ከሩቅ ያስጠነቅቃል። በእኛ ቤት ይህን ሥራ የያዘው የእናታችን የልጅ ልጅ ነው። የሙሉውን እሽግ ስኳር በማንኪያ ቆጥሮ ቁጥሩን በክዳኑ ላይ በጉልህ ይጽፍላቸዋል። እሳቸውም 2 የተጻፈበትን ለራሳቸው፥ 12 የተጻፈበትን ለእንግዳ ብለው ያኖራሉ።